የተወጋም ይረሳል

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል የአገራችን ሰው። ስለ አየርላንዳውያን ታላቅ ረሀብ የተጻፈውን ልብ ወለድና ግጥም ባነበብኩ፣ የተሠራውንም ፊልም ባየሁ ቁጥር ይህ ብሂል እውነትነቱ እኩሌታ ብቻ እየመሰለኝ መጥቷል። ወጊው እንደሚረሳ አልጠራጠርም። ለመሆኑ ተወጊውስ ሁሉን ያስታውሳል? ወይስ እሱም የሚያስታውሰውንና የሚረሳውን ይመርጣል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

አንባቢ እንዲከተለኝ በቅድሚያ ታሪኩን በአጭሩ ላውሳ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አየርላንድ ከ1801 ጀምሮ ከብሪታንያ ጋር በአንድ ፓርላማ ሥር ትተዳደር ነበር። ስሙ ውሕደት ይሁን እንጂ ግብሩ የጌታና የሎሌ ነው። መሬቱ በአብዛኛው ቀደም ባሉት መቶ ዓመታት በጦር ኃይል አገሩን በያዙት ሰዎች ዘሮች እጅ ነበር። ብዙዎቹ ባለርስቶች እንግሊዝ ተቀምጠው ኪራዩን በወኪል ያስሰበስባሉ። ጭሰኛው ያመረተውን አጃና ያረባውን አሳማ ለኪራይ እየሸጠ እሱ በድንች ያድራል። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው፤ በ1846 ጨርሶ አጠፋው። በተከታዮቹ ዓመታት አንድ ሚልዮን ያህል ሰው በረሀቡና ረሀቡ ባመጣው ተስቦ አለቀ፤ ከአንድ ሚልዮን የሚበልጠው ደግሞ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚልዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ሲቆጠር 6 ሚልዮን ተኩል ሆኖ ተገኘ።

ድንቹን ያጠፋው በሽታ ነው፤ ሰውን የፈጀው ግን በሽታው ብቻ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል በ1845 መገባደጃ ከአሜሪካ በቆሎ አስገዝቶ ነበር። በ1846 አጋማሽ ጆን ራስል ሲተካው ነገሩ ተለወጠ። የግምጃ ቤቱ ከፍተኛ ሹም ቻርለስ ትሬቬሊያን ገበያው በራሱ መንገድ ይሂድ፣ መንግሥት እጁን አያስገባ የሚል ጽኑ እምነት ነበረው። የተራበው ሕዝብ መንገድ እየቆፈረ፣ ድንጋይ እየፈለጠ ደመወዝ እንዲያገኝ ተወሰነ። በማርች 1847 በዚህ ሥራ ላይ የተሰማራው ሰው ከ700 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር፤ ደመወዙ ግን የእህሉን ዋጋ ሊደርስበት አልቻለም። ኋላም የሾርባ ማደያዎች ተከፈቱና በጁላይ 1847 በቀን 3 ሚልዮን ያህል ሰው ተመገበ። እንግዲህ ይህን ያህል ሕዝብ ማብላት እንደሚቻል መንግሥቱ ራሱ በተግባር አሳየ ማለት ነው። ወራት ሳይቆይ ግን ማደያዎቹ ተዘጉ፤ ሸክሙም በአየርላንድ ግብር ከፋይና በድሆች ማጎሪያ ቤቶች ላይ ተጣለ። ለመላው ችግር ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣው 8 ሚልዮን ፓውንድ ያህል ነው። ይኸው መንግሥት በ1833 ባሮች ነጻ እንዲወጡ ሲደነግግ፣ ለባለባሮቹ ካሳ የመደበው 20 ሚልዮን ፓውንድ ነበር።

ኪራይ አይቀርምና በእነዚያው ዓመታት አጃ፣ ቅቤና ከብት እየተጫነ ወደ እንግሊዝ መሄዱ አልቆመም። እርግጥ ነው፣ በ1847 ወደ አገሩ የገባው እህል ከወጣው ይበልጣል። ነገር ግን ያ እህል ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ በነበሩት የብርድ ወራት ብዙ ሰው ረገፈ፤ ከደረሰም በኋላ የሚገዛበት ገንዘብ በድሀው እጅ አልነበረም።

ወጊው መርሳቱን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1997፣ ረሀቡ 150ኛ ዓመቱ ሲታሰብ፣ በኮርክ አውራጃ ሚልስትሪት በተባለች ከተማ በተዘጋጀ በዓል ላይ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር መልእክት ተነበበ። መልእክቱ በጊዜው ለንደን ላይ ሥልጣን የያዙት ሰዎች ለሕዝባቸው ሳይደርሱለት እንደቀሩ የሚያምን ነበር። ዓለምም የብሪታንያ ይቅርታ ብሎ ተቀበለው። በ2021 ይፋ የሆኑ የመንግሥት ሰነዶች ግን ሌላ ነገር አወጡ። ብሌርን በሰዓቱ ማግኘት ስላልተቻለ፣ መልእክቱን ረዳቶቹ አርቅቀው እሱ ሳያየው ልከውት ኖሯል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ የመጣው ይቅርታ እንኳ ባለቤት አልነበረውም።

የብሂሉ የመጀመሪያ እኩሌታ እንግዲህ ጸንቶ ቆሟል። ወደ ሁለተኛው ልለፍ።

በ1945 የአየርላንድ ፎክሎር ኮሚሽን፣ ረሀቡ የጀመረበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ፣ የገጠር ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን የሚያስመዘግብ መጠይቅ በየአውራጃው በተነ። ከተሰበሰቡት መልሶች መካከል ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ ችግሩ እኛ ሰፈር ያን ያህል አልጠናም፣ የጠናው ወዲያ ማዶ ነው የሚል። ማዶ ያለውም በተራው ሌላ ማዶ ይጠቁማል። ሟቹ ሁልጊዜ የሌላ ሰፈር ሰው ነው። ይህን ውሸት ብዬ አልንቀውም። ረሀብ ያሳፍራል። ዘመዴ በረሀብ ሞተ ማለት፣ እኔ በሕይወት ሳለሁ ሳላበላው ቀረሁ ከማለት ብዙም አይርቅምና።

የሚያሳፍረው ግን መራብ ብቻ አልነበረም። በ1847 ፓርላማው ባወጣው የድሆች ሕግ ውስጥ የምክር ቤት አባሉ ዊሊያም ግሪጎሪ አንድ አንቀጽ አስገባ። በአንቀጹ መሠረት ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ጭሰኛ መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም። ሩብ ኤከር ማለት 1000 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ልጆቹ የተራቡበት ገበሬ መሬቱን ሰጥቶ ምግብ ተቀበለ፤ ወይም መሬቱን ይዞ ሞተ። መሬቱስ ወዴት ሄደ? ከፊሉ የከብት ግጦሽ ሆነ። ከፊሉን ግን ደህና የነበረው ገበሬ፣ ማለትም ያው ጎረቤት፣ ከራሱ ማሳ ጋር ቀላቀለው። ከ5 ኤከር በታች የነበሩት ይዞታዎች በአሥር ዓመት ውስጥ ሲመናመኑ፣ ከ30 ኤከር በላይ የሆኑት በዙ። የሕዝቡ ትዝታ ባለርስቱን፣ ወኪሉንና ቤት አፍራሹን ወታደር አጥርቶ ያስታውሳል። ለሾርባ ሲል ሃይማኖቱን የለወጠውንም እስከ ልጅ ልጁ ስሙን ያጠፋዋል። በጎረቤቱ መሬት የሰፋውን ሰው ግን ዝም ይላል፤ ዝም የሚለውም ብዙው ሰው የእሱ ዘር ስለሆነ ይመስለኛል።

የነገሩን ውስብስብነት ለማሳየት አንድ ነገር ልጨምር። ያን አንቀጽ ያስገባው ዊሊያም ግሪጎሪ በኋለኛ ዕድሜው ያገባት ሴት ሌዲ ኦገስታ ግሪጎሪ ናት። እሷም በ1904 ደብሊን ላይ የተከፈተው የአቢ ቴአትር፣ የአየርላንድ ብሔራዊ ቴአትር፣ መሥራች ከሆኑት አንዷ ነበረች። ይህን የማነሣው እሷን ለመክሰስ አይደለም፤ ለአገሯ ተረትና ቋንቋ የደከመች ሴት ናት። የማነሣው፣ ወጊና ተወጊ አንዳንዴ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ ለማሳየት ነው።

ታዲያ ሥነ ጽሑፉ ይህን ዝምታ ደፍሮታል ወይ? ከሁሉ የቀረበው ሊያም ኦፍላሄርቲ በ1937 ያሳተመው «ረሀብ» የተሰኘው ልብ ወለድ ይመስለኛል። ደራሲው የአራን ደሴቶች ተወላጅ ነው። ታሪኩ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚኖሩትን የኪልማርቲን ቤተሰብ ይከተላል፤ ሽማግሌውን ብራያንን፣ ልጁን ማርቲንንና የልጁን ሚስት ሜሪን። የልብ ወለዱ ትልቅ ሰው ሜሪ ናት። ሽማግሌው መሬቱን ሙጭጭ ብሎ ሲይዝ እሷ ሕፃኗን አዝላ ማምለጫ ትፈልጋለች፤ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ይሻገራሉ። ሽማግሌው ግን ለሚስቱ መቃብር ሊቆፍር ሲታገል ይሞታል። ኦፍላሄርቲን የማደንቀው በዚህ መጨረሻ ብቻ አይደለም። ጆኒ ሃይንስ የተባለውን ባለሱቅ ስላልማረው ጭምር ነው። ሃይንስ ከዚያው ሕዝብ የወጣ፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የሚጸልይ ሰው ነው፤ ሌላው ሲከሳ እሱ ይወፍራል። ደራሲው ይህን የጻፈው አገሪቱ ራሷን ማስተዳደር ከጀመረች 15 ዓመት ሲሆናት፣ እነሃይንስ የተከበሩ ዜጎች በሆኑበት ጊዜ ነው። ድፍረት ይጠይቃል።

ሆኖም አንድ ነቀፌታ አለኝ። የባለርስቱ ወኪል ቻድዊክ ሰካራምና ጨካኝ፣ ነፍሱ የጠነባ ሰው ሆኖ ተስሏል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው መጥላት ቀላል ነው፤ ሲገደልም አንባቢ እፎይ ይላል። እውነተኛው ታሪክ ግን የሚያስፈራው በሌላ ነው። ትሬቬሊያን ትጉ ሠራተኛ ነበር። ደብዳቤ ያላንዳች መታከት የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚያጣራ፣ ግዴታውን የተወጣ የሚመስለው ሰው ነው። በ1848 ለዚሁ አገልግሎቱ የ«ሰር»ነት ማዕረግ ተሰጠው። ሚልዮኑን የገደለው እብደት ሳይሆን የቢሮ ሥርዓት ነው፤ ኦፍላሄርቲም ይህን ሊያሳየን አልቻለም።

ከኦፍላሄርቲ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1942፣ ፓትሪክ ካቫና «ታላቁ ረሀብ» የሚል ረጅም ግጥም አወጣ። ርዕሱን አይቶ የ1840ዎቹን ረሀብ የሚጠብቅ አንባቢ ግራ ይጋባል። ግጥሙ የሚናገረው በራሱ ዘመን ስለሚኖር ፓትሪክ ማጓየር ስለተባለ ገበሬ ነው። ማጓየር በልቶ ያድራል። ነገር ግን ከእናቱ ጓዳና ከማሳው ሳይወጣ፣ ሳያገባ፣ ሳይወልድ ያረጃል። እኔ ይህን ግጥም የማነበው እንደ ታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከረሀቡ በኋላ መሬት እንዳይቆራረስ ሲባል ርስቱ ለአንድ ልጅ ብቻ መተላለፉ ደንብ ሆነ፤ ጋብቻ ዘገየ፤ ላጤው በዛ። ማጓየር መሬቱ የቀረለት ሰው ወራሽ ነው፤ የወረሰው መሬት ደግሞ እሱን ይበላዋል። ካቫና ስለ ጎረቤቱ ኃጢአት አንድም ቃል ሳይናገር ቅጣቱን አሳየን። በኔ ግምት ከዚህ የጠለቀ የረሀብ ግጥም አየርላንድ አልጻፈችም።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በ2018 የወጣው የላንስ ዴሊ ፊልም፣ «ብላክ 47»፣ ወደ ኋላ የሚጎትት ነው። ከእንግሊዝ ጦር የከዳ አየርላንዳዊ ወታደር በ1847 አገሩ ሲገባ እናቱንና ወንድሙን ሞተው ያገኛል፤ ከዚያ በደለኞቹን እያደነ ይገድላል። ፊልሙ የአየርላንድን ቋንቋ በማክበሩ አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን በደልን በጥይት ተቆጥሮ የሚያልቅ ያደርገዋል። በደብሊን የሊፊ ወንዝ ዳር የቆሙት፣ በ1997 የተመረቁት የሮዋን ጊሌስፒ ሐውልቶችም ልብ ይነካሉ፤ የከሱ፣ የተጎሳቆሉ ሰዎች ወደ መርከብ ያዘግማሉ። ቤታቸውና ማሳቸው የቀረለት ሰው ግን በመካከላቸው የለም።

አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ክርክር ለገዢው ማምለጫ አይሆንም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ የአገሬውን ጥፋት እያነሡ የቅኝ ገዢውን ለማቅለል የሞከሩ አልጠፉም። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው እላለሁ። ሕጉን ያወጣው ለንደን ነው፤ ጎረቤት በጎረቤቱ ሞት እንዲሰፋ በሩን የከፈተው ያ ሕግ ነው። የጎረቤቱ ኃጢአት የገዢውን ኃጢአት አያቀልለውም፤ ያከብደዋል እንጂ። የገደለውን ገድሎ፣ የተረፈውን ደግሞ አፉ የተለጎመ ተባባሪ አድርጎ ትቶታልና።

ነገሩ እኛንም የሚነካ ነው። አየርላንዳውያን በራሳቸው ቋንቋ ያን ጊዜ ከሚጠሩባቸው ስሞች አንዱ «ክፉ ዘመን» እንደማለት ነው። ከ1888 እስከ 1892፣ በእኛ አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1884፣ አገራችንን የፈጀውን ረሀብ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» አሉት። ሁለቱም ስሞች ቀኑን ይከስሳሉ፤ ሰው አይከስሱም። ከብታችንን የጨረሰው በሽታ ግን በምጽዋ በኩል ከጣልያኖች ከብት ጋር የገባ ነበር። በ1984ም የአየርላንዱ ተወላጅ ቦብ ጌልዶፍ ለኛ ረሀብ ዘፋኞችን ሲያሰባስብ፣ ሕዝቡ ከቁጥሩ በላይ ለግሷል፤ ውለታው አይረሳም። ያም ዘፈን ግን የሚታዘንለት ሰው እንጂ የሚጠየቅ ሰው አልነበረበትም።

ስለ ረሀብ የሚጽፍ ደራሲ እንግዲህ ከሕዝቡ ትዝታ ጋር ማልቀስ ብቻ አይበቃውም፤ ትዝታው የዘለለውንም መፈለግ አለበት። ቀኑን ይተወውና ሰውየውን ይጠይቅ፤ ባሕር ማዶ ያለውንም፣ አጥር የሚጋራውንም።