የሞያ ትምህርት የማን ምርጫ ነው?

ስለ ሞያ ትምህርት በአገራችን የሚጻፈው ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ወቀሳ ነው። ወቀሳውም «ወጣቱ የእጅ ሥራ ይንቃል፤ ጠረጴዛና ወንበር እንጂ መዶሻና መጋዝ አይወድም» የሚል ነው። ይህንኑ ቃል ከመምህራንም፣ ከባለ ሥልጣኖችም፣ ከወላጆቻችንም አፍ ደጋግመን ሰምተነዋል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው የዚህን ወቀሳ እውነተኛነት ነው። መርምረን እንዳየነውም ግማሹ እውነት ሲሆን፣ ግማሹ ግን ጥፋቱን ከሥርዓቱ ላይ አንሥቶ በተማሪው ትከሻ ላይ የሚጭን ሆኖ አግኝተነዋል።

እውነት የሆነውን ግማሽ አንክድም። ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ፣ ሸማኔውንና ፋቂውን ከማዕድ እያራቀ የኖረ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት ስድቡ እጅግ ሥር ሰድዶ ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን በስማቸው የተከፈተው ትምህርት ቤት በይበልጥ ያስተማረው ቋንቋን ነበር፤ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ። መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ ያስፈልገው ስለ ነበረ አስተርጓሚና ጸሐፊ አሠለጠነ። እንግዲህ አዋጁ አንድ ነገር ሲናገር ደመወዙ ሌላ ነገር ይናገር ነበር ማለት ነው። ተማሪውም የሰማው ደመወዙን ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተግባረ እድ፣ በ1935 ዓ.ም. የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት፣ በ1939 ዓ.ም. የአምቦ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈቱ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተጨመረ። በእነዚህ ቤቶች የተማሩ አባቶች እንደሚነግሩን፣ በዚያን ጊዜ የተግባረ እድ ተማሪ ነኝ ማለት የሚያኮራ ነበር እንጂ የሚያሳፍር አልነበረም። የሕዝቡ ልማድ በጥቂት ዓመት ተለውጦ ነውን? አይመስለንም። የተለወጠው ከትምህርቱ በኋላ የሚገኘው እንጀራ ነው። የቴሌፎኑ፣ የመብራቱና የአውሮፕላኑ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ይፈልግ ስለ ነበረ፣ ትላንት ቀጥቃጭን የናቀ ቤተሰብ ዛሬ ልጁን መካኒክ እንዲሆን ሰደደ።

ፊሊፕ ፎስተር የሚባል ሊቅ የጋናን ትምህርት ቤቶች አጥንቶ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ጽሑፍ ይህንኑ ያስረዳል። እንደ እርሱ አስተያየት የጋና ተማሪዎች የቀለም ትምህርትን የመረጡት የእጅ ሥራን በመናቅ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አገር የተሻለ ደመወዝ የሚያስገኘው የጽሕፈት ሥራ ስለ ነበረ፣ የቀለም ትምህርት ራሱ ትክክለኛው «የሞያ ትምህርት» ሆኖ ስላገኙት ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤት ውስጥ መጋዝና መላጊያ በማብዛት ብቻ የተማሪውን ምርጫ መለወጥ አይቻልም ሲል ደመደመ። ሃያ ዓመት ቆይቶ በ1985 (እ.ኤ.አ.) ሳካሮፑሎስና ሎክስሊ በኮሎምቢያና በታንዛኒያ ያደረጉት ጥናትም በሁለተኛ ደረጃ የሞያ ክፍል የተማሩት ከቀለም ክፍል ከወጡት ይልቅ ሥራ በማግኘትም ሆነ በደመወዝ ጉልህ ብልጫ እንዳላሳዩ ገልጧል። እኛ ፎስተርን በሁሉ ነገር አንከተለውም፤ ነገር ግን «ወጣቱ ይንቃል» የሚሉት ወገኖች መጽሐፉን ቢያነቡት ወቀሳቸውን ትንሽ ያለዝቡት ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ትችታችን እንመለስ። በ1964 ዓ.ም. የተዘጋጀው ሴክተር ሪቪው የሚባለው የትምህርት ጥናት ለብዙኃኑ ልጅ አጭር መሠረታዊ ትምህርት፣ ለጥቂቱ ደግሞ ረጅሙን ትምህርት የሚያስብ ነበር። በጥናቱ ውስጥ መልካም ሐሳብ አልታጣም። ሆኖም ወላጅ የተረዳው «የድኻ ልጅ በአጭር ይቅር» እንደ ማለት ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ጥናት እንዲቀር ነበር፤ ቀረም። ከዚህ የምንረዳው ሕዝቡ የእጅ ሥራን መጥላቱን አይደለም። የጠላው በር መዘጋቱን ነው።

ይሁን እንጂ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሩን በሌላ መንገድ ዘጋው። 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ አገር አቀፍ ፈተና ይቀመጣል፤ ከፍ ያለ ውጤት ያገኘው ወደ መሰናዶ፣ ዝቅ ያለው ወደ ቴክኒክና ሞያ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ሁለቱ «አማራጭ» ይባሉ ነበር። ነገር ግን አንዱን ለማግኘት ማለፍ፣ ሌላውን ለማግኘት መውደቅ የሚያስፈልግ ከሆነ ይህ አማራጭ ሳይሆን ወንፊት ነው። በወንፊቱ ሥር የቀረውን ደግሞ ምንም ያህል በጥሩ ስም ብንጠራው ያው እንክርዳድ ብለን የምናየው ነው።

ስለ ራሳችንም አንድ ነገር እንናገር። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የአናጢ ቤት ነበረ። ከእኛ መካከል በፈቃዱ የገባበት አልነበረም። በሒሳብ የወደቁ፣ አንዳንድ ጊዜም በጠባይ የተቀጡ ልጆች ከሰዓት በኋላ ወደዚያ ይሰደዱ ነበር፤ «ወደ እንጨት ቤት ትሄዳለህ» ማለት የታወቀ ዛቻ ነበር። አናጢው መምህራችን ግን ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የበር ክፈፍ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን እንድናረጋግጥ አዘዙን። በአንዱ ጎን 60 ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው ጎን 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ፤ ከምልክት እስከ ምልክት በአግድም ስትለኩ 100 ከመጣ ደህና ነው፤ ካልመጣ ክፈፉ ተጣሟል አሉን። ይህ በጠዋቱ ክፍል የፓይታጎራስ ሕግ ተብሎ የተማርነው ነው። ያን ሕግ ስላልገባቸው ወደ እንጨት ቤት የተሰደዱት ልጆች እዚያም ያው ሕግ ጠበቃቸው። መምህሩ የተበላሸውን ጣውላ እያገላበጡ «ሒሳብ የማያውቅ ልጅ ለምን ወደ እኔ ይልካሉ? ለእኔ ነው ሒሳብ የሚያውቀው የሚያስፈልገኝ» ሲሉ ሰምተናቸዋል። ያን ጊዜ ሳቅን። ዛሬ ግን ስለ ሞያ ትምህርት ካነበብነው ብዙ ነገር ይልቅ የእርሳቸው ቃል ትክክለኛ ትችት ሆኖ እናገኘዋለን።

ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ ሰው የሽቦውን ውፍረት ከሚሸከመው ጉልበት ጋር ማስላት አለበት፤ ካሳሳተ ቤት ይቃጠላል። ቶርኖ የሚያሽከረክር ሰው የሚሊ ሜትርን ክፋይ ይለካል። ይህን ሥራ «በቀለም ላልሆነለት» መስጠት ለሞያውም ለተማሪውም ስድብ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሞያ ስትራቴጂ ከጀርመን ልምድ ብዙ ወስዷል፤ ሥልጠናው በደረጃ እንዲከፈል፣ ሠልጣኙ በድርጅት ውስጥ እንዲለማመድ፣ በመጨረሻም በብቃት ምዘና እንዲፈተን አደረገ። ሐሳቡን እናደንቃለን። ነገር ግን በጀርመን ልምምዱን የሚሰጠው ድርጅት ተለማማጁን ራሱ መርጦ፣ ውል ፈርሞ፣ በየወሩ ገንዘብ እየከፈለ ያሠለጥናል፤ ስለዚህ ወጣቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሥራ ሰው ነው። በእኛ አገር ከሥርዓቱ የተወሰደው ምዘናው ሲሆን ያ ውል ግን በአብዛኛው አልተከተለውም። አንድ ትንሽ ጋራዥ ተለማማጅ ላክንልህ ሲባል «እንኳን ለእርሱ ለእኔም ሥራ የለኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ለሴቶች እኅቶቻችን ደግሞ ምርጫው ከዚህም ይጠባል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው የሞያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ሲጠይቅ፣ ወደ ዐረብ አገሮች ለሚሄዱት ለብዙዎቹ ወጣት ሴቶች «ሞያ» ተብሎ የተመሰከረላቸው የሰው ቤት ሥራ ነበር። ለጥበቃቸው የታሰበ መሆኑን አንስትም፤ ቢሆንም ይህ ጉዳይ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይገባዋል።

የ10ኛ ክፍል ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ወንፊቱ ግን አልተሰቀለም፤ ወደ 12ኛ ክፍል ተዛወረ እንጂ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ብቻ ናቸው። ለጥቂቱ የማካካሻ ትምህርት ተሰጥቷቸዋል። ለቀሩት በመቶ ሺህ ለሚቆጠሩት የተነገራቸው «ቴክኒክና ሞያ አለላችሁ» የሚል ነው። ይኸው የድሮው የእንጨት ቤት ዛቻ በአገር ስፋት ተነገረ ማለት ነው። በ2014 ዓ.ም. የሞያ ሥልጠና በአዲሱ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ሲሆን ትምህርት በሌላ ሚኒስቴር ሥር ቀረ። ሁለቱ በር በሁለት ጌታ እጅ ሲሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለሚሻገር ተማሪ ነገሩ ይበልጥ እንዳይከብድ እንሠጋለን።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ የሞያ ትምህርትን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲሰጥ ማድረጉን በደስታ እንቀበለዋለን፤ ሁለቱ ዓይነት ተማሪ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ሰልፍ መዋሉ ራሱ ትልቅ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ ወደ ሞያው ክፍል የሚገባው ተማሪ በምን ይለያል? በመውደቅ ከሆነ ግቢውን አንድ ማድረግ ምንም አልጠቀመም። እኛ የምንለው፣ ለኤሌክትሪክ የሚገባ በሒሳብና በፊዚክስ ተፈትኖ ይግባ፤ ቦታ አጥቶም ይመለስ፤ ከሞያ ክፍል የወጣ በርትቶ ዩኒቨርስቲ መግባት ሲፈልግ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምር አይባል፤ ባለ እጁን የሚቀጥር መሥሪያ ቤትም ደመወዙን ከጸሐፊው አያሳንስ።

ይህን የምንጽፈው ወንፊቱ ያለፈን ተማሪዎች መሆናችንን አልዘነጋንም። ከእንጨት ቤት ጓደኞቻችን አንዱን ባለፈው ክረምት አግኝተን ስለዚህ ጽሑፍ ስናወራው «እናንተ ስለ እኔ ትጽፋላችሁ፤ እኔ ግን የእናንተን ጠረጴዛ ሠራሁ» አለን። ጠረጴዛው በእርግጥ ጥሩ ነው፤ ማዕዘኑን ለክተን አይተነዋል።