የአንድ ማብሪያ ትረካ፦ የኢማቲኒብ ጥናት ያስተማረውና ያስረሳው

እ.ኤ.አ. በ2003 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመውና አይሪስ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው ጥናት በደም ካንሰር ሕክምና ታሪክ ከፍተኛ ስፍራ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ጥናቱ ሥር የሰደደ የማይሎይድ ሉኪሚያ በቅርቡ የተገኘባቸውን 1,106 ሕሙማን በሁለት እኩል ምድብ ከፍሎ ለአንደኛው ምድብ በቀን 400 ሚሊ ግራም ኢማቲኒብ፣ ለሌላው ደግሞ ኢንተርፌሮንን ከሳይታራቢን ጋር ሰጠ። በ18ኛው ወር የፊላዴልፊያ ክሮሞሶም ከመቅኔ ሴሎች ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሕሙማን ግምት በኢማቲኒብ ምድብ 76.2 በመቶ፣ በሌላው ግን 14.5 በመቶ ብቻ ነበር። ይህ ውጤት የሚያከራክር አይደለም። ትችት የሚያስፈልገው ውጤቱን ተከትሎ የተስፋፋው ትረካ ነው። ገና እ.ኤ.አ. በ2001 ታይም መጽሔት መድኃኒቱን በካንሰር ላይ እንደሚተኮስ ጥይት አድርጎ በሽፋኑ አቅርቦት ነበር። ይህ ሥዕል በባለሙያውም በታካሚውም አእምሮ ጸንቶ ቀርቷል።

ትረካው መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። ኖዌልና ሀንገርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1960 ያዩት ትንሽ ክሮሞሶም፣ ጃኔት ራውሊ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳየችው፣ በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞሶሞች መካከል ከሚደረግ የቁራጭ መለዋወጥ የሚገኝ ነው። ከዚህ የሚወለደው ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለው ፕሮቲን ያለ ማቋረጥ የሚሠራ ታይሮሲን ካይኔዝ ነው። ጤናማ ሴል የዕድገት መልእክት ከውጭ ሲደርሰው ብቻ ይባዛል፤ ይህ ፕሮቲን ያለበት ሴል ግን መልእክቱን ለራሱ ሳያቋርጥ ይልካል። መልእክቱም በአንድ መስመር ብቻ አይጓዝም። በራስ፣ በፒአይ3 ካይኔዝና በስታት5 መስመሮች ተከፋፍሎ ሴሉ እንዲባዛና እንዳይሞት ያደርጋል። ኢማቲኒብ ፕሮቲኑ ኤቲፒን የሚቀበልበትን ስፍራ በመያዝ መልእክቱን ከምንጩ ያግዳል።

የትረካው የመጀመሪያ ጉድለት ማገድን ከመግደል ጋር ማምታታቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮርቢንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት የዚህ በሽታ ግንደ ሴሎች የቢሲአር-ኤቢኤል ሥራ ቢታገድም በሕይወት ይቆያሉ። በፈረንሳይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ስቲም የተባለው ጥናትም ይህንኑ በታካሚ ላይ አሳይቷል። ቢያንስ ለሁለት ዓመት በሽታው በሞለኪውል ምርመራ ያልታየባቸው ሕሙማን መድኃኒቱን ሲያቆሙ፣ ቢያንስ ለ12 ወራት ክትትል ከተደረገላቸው 69 ሰዎች መካከል በ42ቱ በሽታው ተመልሷል። መድኃኒቱ እንደገና ሲጀመርላቸው ምላሽ ማግኘታቸው የሚያጽናና ነው። ይሁን እንጂ ማቆም የሚቻለው ለተመረጡ ታካሚዎችና ጥብቅ የሞለኪውል ክትትል ባለበት ብቻ መሆኑን ያስገነዝባል።

ሁለተኛው ጉድለት ጠላት የማይለወጥ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጎሬና ባልደረቦቿ መድኃኒቱ ከሠራላቸው በኋላ በሽታው ካገረሸባቸው 9 ሕሙማን በ6ቱ አንድ ተመሳሳይ የአሚኖ አሲድ ለውጥ አግኝተዋል። ቲ315አይ የተባለው ይህ ለውጥ ኢማቲኒብ በስፍራው እንዳይቀመጥ ያደርጋል።

ሦስተኛው ጉድለት ከአንድ በሽታ የተገኘን ትምህርት ለሁሉም ማዋሉ ነው። በማይሎፋይብሮሲስ የጃክ2 መልእክትን የሚያግደው ሩክሶሊቲኒብ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው፣ ያበጠን ጣፊያ ይቀንሳል፤ የታመመውን የሴል ዘር ግን አብዛኛውን ጊዜ አያጠፋም። የኤፍኤልቲ3 ለውጥ ባለበት አጣዳፊ የማይሎይድ ሉኪሚያ እ.ኤ.አ. በ2017 የተፈቀደው ሚዶስታውሪንም የሚሰጠው ከኬሞቴራፒ ጋር እንጂ ብቻውን አይደለም። አንድ ማብሪያ የሚገዛው ሥር የሰደደው ሉኪሚያ በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ሳለ ነው። በሽታው ወደ አጣዳፊ ደረጃ ከተሻገረ በኋላ በኢማቲኒብ የሚገኘው ምላሽ አጭር ነው።

ጥናቱ ራሱም በጥንቃቄ መነበብ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ዘገባ በ10 ዓመት በሕይወት የመቆየት ግምት በኢማቲኒብ ምድብ 83.3 በመቶ፣ በሌላው 78.8 በመቶ ነበር። ቁጥሮቹን ብቻ ያየ ሰው ልዩነቱ አነስተኛ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ዳሩ ግን ኢንተርፌሮን ከተመደበላቸው ሕሙማን 65.6 በመቶ የሚሆኑት ወደ ኢማቲኒብ ተሻግረዋል፤ ስለዚህ ንጽጽሩ በአብዛኛው ኢማቲኒብን ቀደም ብሎ በጀመረና ዘግይቶ በጀመረ መካከል ሆኗል። አዘጋጆቹ ይህን በግልጽ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል።

ይህ ሁሉ ለጤና ባለሙያው የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ማሪንና ባልደረቦቹ በለንደን 87 ሕሙማን ኪኒናቸውን እንዴት እንደሚወስዱ በጠርሙሱ ክዳን በተገጠመ ኤሌክትሮኒክ መቁጠሪያ ተከታትለው ነበር። ከታዘዘው ከ90 በመቶ በላይ የወሰዱት በ6 ዓመት የቢሲአር-ኤቢኤል መጠናቸው ወደ አንድ ሺሕኛ የመውረድ ዕድሉ 94.5 በመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በታች የወሰዱት ግን 28.4 በመቶ ብቻ ነበር። ከሠላሳ ቀን ውስጥ ሦስትና አራት ቀን መዝለል ታካሚውን ወደ ሁለተኛው ወገን ሊያስገባው ይችላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ኢማቲኒብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጂፓፕ በተባለው ዓለም አቀፍ የዕርዳታ መርሐ ግብር በኩል ለሕሙማን በነፃ ሲታደል ቆይቷል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ተጉዞ መድኃኒቱን የሚወስድ ታካሚ ጣፊያው ሲጎድልና አቅሙ ሲመለስ፣ “ጥይቱ በሽታውን ገድሎታል” ተብሎ ከተነገረው የሚቀጥለውን ጉዞ ለምን ያደርጋል? በሽታው የታገደ እንጂ የጠፋ አለመሆኑን፣ ደህንነት የሚሰማውም እገዳው ስላለ መሆኑን የተረዳ ታካሚ ግን የመንገዱን ድካም ምክንያት ያውቃል። ይህንንም በግልጽ ቋንቋ ማስረዳት የሐኪሙ፣ የነርሱና የፋርማሲ ባለሙያው የጋራ ግዴታ ነው።