እናቱን የሚመስል ሎሚ

የበዓል ዋዜማ ዶሮ ሲታጠብ ከአንድ ሰፈር የሚጣለው የሎሚ ዘር ለአንድ ችግኝ ጣቢያ ይበቃል። እኔ የምፈልገው ግን ጨው ያልነካውን ስለሆነ ከመጨመቁ በፊት ቀድሜ እለምናለሁ። ፍሬው ዛፉ ላይ ቢጫ እስኪሆን የበሰለ ቢሆን ይሻላል፤ ገና አረንጓዴ ሆኖ የተለቀመው ዘሩ ብዙ ጊዜ ጭምድድ ያለ ነው።

የሎሚ ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ ጎተራ አይገባም። ከፍሬው በወጣበት ቀን ሙልጭልጩ እስኪለቅ ታጥቦ፣ እርጥበቱን እንደያዘ ይዘራል። መስኮት ላይ አስጥቶ ለወራት ያቆየ ሰው ባይበቅልለት አፈሩን አይውቀስ። ስቸኩል ነጩን ቅርፊት ከሾጣጣው ጫፍ ጀምሬ በጥፍሬ እልጠዋለሁ፤ የተላጠው ቀድሞ ይበቅላል። ሦስት እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅዬ ዘሩን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳላሳልፍ እቀብረዋለሁ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ካገኘ በሁለት በሦስት ሳምንት ብቅ ይላል። ከ13 ዲግሪ በታች ግን እድገቱ ይቆማል፤ የደጋን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት የሚያውቅ ሰው ለምን ጥምቀት እስኪያልፍ እንደምጠብቅ አይጠይቀኝም።

ከዚያ በኋላ ችግኝ የሚገድለው ጥም ሳይሆን ደግነት ነው። ጠዋት ማታ የሚጠጣ መደብ ላይ ግንዱ ከአፈሩ በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥንና ችግኙ በአንድ ሌሊት ይጋደማል። ጣቴን ሰክቼ ላዩ ካልደረቀ ውሃ አላነሳም።

«ሎሚ ከዘር አታብቅል፣ እናቱን አይመስልም» የሚል ምክር ደጋግሜ እሰማለሁ። ስለ አቮካዶ ቢሆን እቀበለው ነበር። የሎሚ ነገር ሌላ ነው። ከአንድ ዘር ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ችግኝ ሲወጣ አይታችሁ ይሆናል። ከእነዚህ መካከል ከአባትና ከእናት የተፀነሰ ቢኖር አንዱ ነው፤ የቀሩት አባት የላቸውም። በዘሩ ውስጥ ፅንሱን ከከበበው የእናቲቱ ሥጋ የበቀሉ፣ የእናቲቱ ግልባጭ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈረጥሙትም እነሱ ናቸው። ይህን ማየት የፈለጉ አዳቃዮች ቅጠሉ ሦስት ጣት ካለው የሎሚ ዘመድ የአበባ ዱቄት ወስደው እናቲቱን ያስረግዛሉ። ሦስት ጣትነት ከአባት ወደ ልጅ ገንኖ የሚተላለፍ ጠባይ ስለሆነ፣ ከተዘራው ውስጥ ባለ ሦስት ጣት ቅጠል ያወጣው የአባቱ ልጅ ነው፤ ነጠላ ቅጠል ይዞ የወጣው የእናቲቱ ግልባጭ። ትርንጎ ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ከአንድ ዘር አንድ ችግኝ ብቻ ይሰጣል፣ እሱም የተፀነሰው ነው።

ስለዚህ የእኔ ዋና ሥራ ማብቀል ሳይሆን መንቀል ነው። ችግኞቹ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጡ አንድ በአንድ አያቸዋለሁ። ከጓደኞቹ የተለየ፣ ቅጠሉ የጠበበ ወይም የጫጨ ካለ ይወጣል። ያጠራጠረኝን ቅጠል በጣቶቼ አሽቼ አሸተዋለሁ። የሎሚ ቅጠል ወደ ብርሃን ቢያዙት ደቃቅ የዘይት ነጥቦች ይታዩበታል፤ ሽታው ከእነሱ ነው፣ አባት የገባበት ችግኝም አንዳንዴ በዚሁ ይጋለጣል። ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር ደግሞ ዋና ሥሩ ከታች መታጠፍ የለበትም። ረዝሞ ካስቸገረ ጫፉን መቁረጥ ይሻላል፤ የታጠፈ ሥር ከዓመታት በኋላ ዛፉን ያንቃል።

የዘር ሌላው ጥቅም ጤና ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በደቡብ አሜሪካ ሚሊዮኖች የብርቱካን ዛፎችን የፈጀው ትሪስቴዛ የተባለው ቫይረስ ለማዳቀያ በሚቆረጥ እንቡጥና በተባይ ይተላለፋል እንጂ በዘር አይተላለፍም። የእኛ ዓይነቷ ትንሿ ሎሚ ለዚህ በሽታ በጣም ስስ ስለሆነች ተመራማሪዎች ቅጠሏን አይተው መኖሩን ሲያውቁ ኖረዋል። በነገራችን ላይ በሌላ ሥር ላይ እየተዳቀለ የሚሸጠው የብርቱካን ችግኝም ከታች ያለው ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከዘር የበቀለ ነው፤ አንድ ዓይነት ሥር በሺዎች የሚገኘው በዚያው በአባት አልባዎቹ ምክንያት ነውና።

በክረምት ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል ነገር ካያችሁ ቀርባችሁ ንኩት። ቀይ ቀንድ ካወጣና ከገማ የቢራቢሮ ትል ነው። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆንና ትንሹን ችግኝ በሁለት ቀን መላጣ ያስቀረዋል። እኔ በእጅ ለቅሜ ትልቁ ዛፍ ላይ እወስደዋለሁ፤ ቢራቢሮዋ ታምራለች።

ከዘር የመጣ ሎሚ የሚያስከፍለው ትዕግሥትና እሾህ ነው። የተዳቀለው በሁለት በሦስት ዓመት ሲያፈራ እሱ ከዚያ ይዘገያል፣ እሾሁም የረዘመ ነው። ይህን የማይወዱ ደንበኞች መቀስ ይዘው ይመጣሉ። ጫፉን አትንኩ እላቸዋለሁ፤ ዛፉ ለአቅመ ፍሬ የሚደርሰው ከላይ ጀምሮ ነው፣ የቆረጡት ጫፍ የቆረጡት ዓመት ነው። የታችኛውን እሾህ ግን፣ ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ከሆነ፣ ራሴ እቆርጥላቸዋለሁ።