መርካቶ ግርግር ብቻ ናት እንዴ?

በልብ ወለዶቻችን ውስጥ መርካቶ ስትመጣ ገጹ ሳይነበብ ይታወቃል። ግርግር አለ፣ ኪስ አውላቂ አለ፣ «ዞር በል!» የሚል ተሸካሚ አለ፤ ከዚያ ባለታሪኩ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። እንዲህ ያለችውን መርካቶ ለመጻፍ መርካቶ መሄድም አያስፈልግ።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ ካዞረው ወዲህ ያደገችው መርካቶ የምትታወቀው በተራዎቿ ነው፦ ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ተራ ማለት ሥራ ነው፣ አነጋገር ነው፣ መተማመን ነው። ምናለሽ ተራ ላይ «ብረቱ ይጮኻል» ብሎ የሚያልፍ ደራሲ ድምፅ ሰጠን እንጂ ሰው አልሰጠንም። አሮጌ በርሜል ተቀዶና ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን ግን የቀጥቃጩ ትዕግሥትም ንዴትም ከእጁ ይነበባል። ቅጽል ከመደርደር ግስ መምረጥ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ምልልስም እንደዚሁ ነው። እስቲ ክርክሩን እንስማ፦

«ስንት ነው?»
«አንቺ ስንት ትያለሽ?»
«የመጨረሻውን ንገረኝ እንጂ!»
«በዚህማ አያዋጣኝም።»

ገዢዋ ጥላው ትሄዳለች። «ነይ እስቲ፣ እህቴ!» ሁለቱም የልባቸውን አልተናገሩም፤ እኛ ግን ሰምተነዋል። የብዙ ልብ ወለዶቻችን ገጸ ባሕርያት ደግሞ የልባቸውን እንደ ዜና ያነብቡታል።

አዳም ረታ «ሕፅናዊነት» ያለውን የአጻጻፍ ስልት ያነሳው ከእንጀራ ነው። ትምህርቱ እንጀራን መቅዳት ሳይሆን በየቀኑ የምናየውን ነገር አሠራሩ እስኪገባን ማየት ነው። ታዲያ አንድ በርሜል ከተራ ወደ ተራ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ልብ ወለዱን ቢሸከመውስ?

«ልብ ወለድ የንግድ መመሪያ አይደለም» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ዝርዝር ሲበዛም ሌላ ግርግር ይሆናል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ዝርዝሩን አውጡትና ገጸ ባሕርዩ ምንም ካልጎደለው ሰርዙት።

በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሱቅ በልቷል። ሱቅ ይሠራል፤ የአንድ ተራ አነጋገርና የእጅ ልማድ ግን አንዴ ከተበተነ በሲሚንቶ አይመለስም። ያኔ ስለ መርካቶ የሚጠይቀን ልጅ መጽሐፋችንን ሲገልጥ የሚያገኘው ግርግር ብቻ ከሆነ፣ እሳቱ ያስተረፈውን እኛው አጠፋነው ማለት ነው።