የተፈጥሮ ድምፅ ምልክት የሚሆነው መቼ ነው?

በዛሬ ዘመን የራዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ነጋዴዎችና አገር አስጐብኚዎች በዓይን ከሚታየው ዓርማቸው ሌላ በጆሮ የሚታወቁበትን አጭር ድምፅ ሲፈልጉ ይታያሉ። ይህም የድምፅ ምልክት ይባላል። ከመንገዶቹ ሁሉ ይልቅ የተወደደው ድምፁን ከተፈጥሮ መውሰድ ነው። ስለ ጐጃም በሚዘጋጁ ማስታወቂያዎችና ፊልሞችም የዓባይ ፏፏቴ ሲያገሣ፣ ወፍ ሲያዜም፣ ከኋላም ዋሽንት ሲነፋ መስማት የተለመደ ነው። ሐሳቡ በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሥራው ሲመረመር አንድ ትልቅ ጉድለት ይገኝበታል፤ ይኸውም ድምፁን የቀዳ ሰው ምልክቱንም እንዳገኘ አድርጎ መቍጠሩ ነው። ድምፅ ከተፈጥሮ ይገኛል፤ ምልክት ግን የሚገኘው ከሰዎች ስምምነት ነው። ይህን ልዩነት ከደብረ ማርቆስ አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ድረስ ያለው ባላገር ራዲዮ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያውቀው ነበር።

ለዚህ ቀላሉ ምስክር የዶሮ ጩኸት ነው። ዶሮ በየትም አገር ይጮኻል፤ በደጋው ቤት ግን «የመጀመሪያው ዶሮ» ማለት የሌሊት ሰዓት ስም ነው። መንገደኛ ስንቁን ይዞ ይነሣበታል፤ ካህንም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄድበታል። ዶሮው መንገደኛውን ለመቀስቀስ አልጮኸም፤ ጩኸቱን የሰዓት ደወል ያደረገው ሰሚው ነው።

የጅራፍም ነገር እንዲሁ ነው። ጅራፍ በእርሻ ጊዜ የገበሬ መሣሪያ ነው፤ ድምፁም በሬን ከማትጋት ያለፈ ትርጉም የለውም። በነሐሴ ወር ቡሄ ሲቃረብ ግን እረኞች በየጕብታው ላይ ቆመው ሲያስጮኹት ያው ድምፅ ሌላ ነገር ይሆናል። ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው የደብረ ታቦር በዓል ስለ ሆነ፣ የጅራፉ ጩኸት በተራራው ላይ ሐዋርያትን ካስደነገጠው ድምፅ ጋር ተያይዞ ይተረጐማል፤ ልጆቹም የክረምቱን ማለፊያ መቃረብ ይሰሙበታል። ገመዱም የሚገምደውም እጅ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወሩና የሰሚው ልብ ነው።

በጣና ደሴቶች ገዳማት ደግሞ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ተንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ሲመቱ እንደ ብረት ይጮኻሉ። ከዚህ የበለጠ ለተፈጥሮ የቀረበ ድምፅ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ደወሉን ደወል ያሰኘው የድንጋዩ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ የሚመታበት ሰዓት የታወቀ፣ መቺውም ለአገልግሎቱ የተመደበ፣ ሰሚውም ድምፁን ሲሰማ ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያውቅ መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተሟላው ምሳሌ ነጋሪት ነው። ነጋሪት ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ቢሆንም ማንም ባለጸጋ በገንዘቡ ገዝቶ ሊያስጐስመው አይችልም ነበር፤ መብቱ ከሹመት ጋር የሚሰጥ ነበርና። በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል በዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጐጃም ላይ ሲነግሡ፣ መናገሻቸው በነበረችው በመንቆረር፣ በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ የነጋሪት ድምፅ ማለት የንጉሡ ቃል ማለት ነበር። ሕዝቡ ትእዛዙን ገና ሳይሰማ፣ ትእዛዝ መኖሩንና ከማን እንደ መጣ በድምፁ ብቻ ያውቅ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የመንግሥቱ ሕጎች የሚታወጁበት ጋዜጣ ሲመሠረት «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ፤ በ1987 ዓ.ም.ም «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ሲቋቋም ያው ስም ተጠበቀ። ከበሮው ዝም ካለ በኋላ ምልክቱ በወረቀት ላይ ኖረ። ድምፁ ጠፍቶ ምልክቱ መኖር ከቻለ፣ ሁለቱ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በውጭ አገር የተሳኩትም ሥራዎች ሲመረመሩ ይህንኑ ያረጋግጣሉ። የዛምቢያ ብሔራዊ ራዲዮ መታወቂያው ያደረገው የዓሣ ንስርን ጩኸት ነው። ንስሩ አገሪቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ የተሣለ ስለ ሆነ፣ ሰሚው በጩኸቱ ውስጥ ወፍን ብቻ ሳይሆን አገሩን ይሰማል። በኒው ዚላንድም ብሔራዊው ራዲዮ በ1974 ዓ.ም. ከማለዳ ዜና በፊት የአገሩን ወፎች ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ድምፁ ከአንድ ሰዓትና ከአንድ ሥራ ጋር ስለ ተሳሰረ ሥር ሰደደ።

በአንጻሩ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ፤ እርሱም ችላ ሊባል አይገባም። ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው የአሜሪካ የፊልም ኩባንያ በዚያው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. የአንበሳውን ግሣት ማሰማት ሲጀምር ምንም ዓይነት ጥንታዊ ልማድ አልነበረውም፤ በድግግሞሽ ብቻ ግሣቱን በዓለም ሁሉ የራሱ መታወቂያ አደረገው። እንግዲህ ነጋዴም በገንዘብና በድግግሞሽ ምልክት ሊፈጥር ይችላል ማለት ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ የሚያሳስበውም እውነት በመሆኑ ነው። ድግግሞሽ አዲስ ትርጉም ሲያቆም አሮጌውን ሊያፈርስ ይችላልና። የጅራፍ ድምፅ ጧትና ማታ ከአንድ ሳሙና ማስታወቂያ በፊት ቢጮኽ፣ በዚያ ድምፅ ያደገ ሕፃን በነሐሴ ወር በጕብታው ላይ ሲሰማው ከደብረ ታቦር ይልቅ ሳሙናው ይታሰበዋል። አንበሳ ግሣቱን ቢያውሱት የሚጐዳው ነገር የለም፤ የበዓል ድምፅ ግን ባለቤቶች አሉት።

የፏፏቴውም ድምፅ ሌላ ችግር ያመለክታል። ባላገሩ የዓባይን ፏፏቴ ጢስ እሳት ብሎ ሲሰይመው ስሙን ያወጣው ከግሣቱ ሳይሆን እንደ ጢስ ከሚተነው ውሃ ነው፤ ማለትም ጆሮ በሚያደነቍረው ቦታ እንኳ ሕዝቡ ምልክቱን የመረጠው በዓይኑ ነው። ከዚህም ሌላ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው፣ በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በአጠገቡ ሥራ ሲጀምር ውሃው ወደ ማመንጫው እየተመለሰ፣ ከሁለተኛው በኋላ በነበሩት ዓመታት ይልቁንም በበጋ የፏፏቴው ኃይል በእጅጉ ቀነሰ። በክረምት የተቀዳን ግሣት የዓባይ ድምፅ ነው ብሎ ዓመቱን ሙሉ ማሰማት፣ ወንዙ የደረሰበትን ነገር መሸፈን ይሆናል። አስተዋዋቂው ለውበት ሲል ይህን ያደርግ ይሆናል፤ ተመራማሪ ግን ሊያደርገው አይገባም።

የተፈጥሮን ድምፅ ለሰው ሥራ ማዋል እንዴት እንደሚገባ ለሚጠይቅ፣ የአገሩ ትውፊት ከቅዱስ ያሬድ ታሪክ የቀደመ መልስ የለውም። እንደ ትውፊቱ ከኤደን ገነት የተላኩ ሦስት ወፎች ለያሬድ ተገለጡለት፤ እርሱም ሰማያዊውን ዜማ ሰምቶ በአክሱም አሰማ። ይሁን እንጂ በጐጃም የዜማ ትምህርት ቤቶች የሚጠናው የወፍ ጩኸት አይደለም። የሚጠናው ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ ተብሎ በሦስት የተመደበ፣ ለየዕለቱና ለየበዓሉ የተወሰነ ሥርዓት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በዓፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማውን በጽሑፍ የሚያስታውሱ ፊደላትን እንዳደራጁ ይነገራል፤ የእነዚህም ስም «ምልክት» ነው። ስለዚህ «የድምፅ ምልክት» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ መስሎ ቢታይም ነገሩ ለደብተራ እንግዳ አይደለም። ደብተራው ከቃሉ በላይ የተጻፈችውን አንዲት ፊደል አይቶ ሙሉውን ዜማ የሚያነሣው፣ ያን ዜማ ከመምህሩ አፍ ለዓመታት ስለ ተማረ ነው። ያልተማረ ሰው ፊደሏን ቢያይ ፊደል ብቻ ናት።

በመጨረሻም የሕግ ጥያቄ ይቀራል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የንግድ ምልክትን የተረጐመው በዓይን የሚታይ ምልክት አድርጎ ነው፤ ቃላትን፣ ንድፎችን፣ ፊደላትን፣ ቍጥሮችንና ቀለሞችን ሲዘረዝር ድምፅን አይጨምርም። በአሜሪካ ግን ኤን ቢ ሲ የተባለው የራዲዮ ኩባንያ የሦስት ደወል ድምፁን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. አስመዝግቧል። ይህን አይቶ የኢትዮጵያም ሕግ ለድምፅ በር ይክፈት የሚል ሰው ምክንያት አያጣም። ነገር ግን ሦስቱ ደወሎች ለኩባንያው የተቀነባበሩ ሲሆኑ ጅራፉና የድንጋይ ደወሉ የማንም ነጋዴ ድርሰት አይደሉም። የሕዝብ ድምፅ የሕዝብ ሆኖ እንዲቀር አስቀድሞ ሳይደነገግ በሩ ቢከፈት፣ ቀድሞ መዝገብ ቤት የደረሰ ሰው የቡሄን ድምፅ የግሉ ሊያደርገው ይችላል።

እንግዲህ ለደብረ ማርቆስ ወይም ለሌላ ከተማ የድምፅ ምልክት እንሠራለን የሚሉ ሰዎች ከመቅጃ መሣሪያው ጋር መዝገብም ይዘው ሊወጡ ይገባል። በዚያ መዝገብ ድምፁ በየትኛው ወርና ሰዓት እንደ ተሰማ፣ ማን እንዳሰማው፣ ሰሚዎቹ ምን ብለው እንደ ተረዱት፣ ለሌላ ሥራ ቢውል ፈቃዳቸው እንደ ሆነና እንዳልሆነ ይጻፍ። ፈቃድ የተገኘለት ድምፅ ከሰዓቱና ከቦታው ሳይለይ ይሰማ፤ ፈቃድ ያልተገኘለትም በመዝገቡ ለጥናት ተጠብቆ ይቀመጥ። የጐጃም ባላገር ስለ ድምፁ ሊጠየቅ የሚገባው ማስታወቂያው ከተሠራ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ ነው።