ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ለሚያስተምሩ መምህራን

ከካዛንችስ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ አንድ የፍልስፍና ጀማሪ ተማሪ እንዲህ አለኝ፤ «አባ፣ ሄግል አፍሪቃን ከታሪክ ውጭ ማድረጉን ተማርን፤ መምህራችንም ዘርዓ ያዕቆብን መልስ አድርገው አቀረቡልን።»

መልሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉድለት አለበት። ይህን ሐተታ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1852 ለአንቷን ዳባዲ ያስታወቀው የካፑቺን መነኩሴው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ ደራሲው ራሱ ጁስቶ እንደ ሆነ ጻፈ፤ በአዲስ አበባ ያስተማሩት ክሎድ ሰምነር ግን የ17ኛው ምዕት ዓመት ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እንግዲህ የኮንቲ ሮሲኒ ቃል እውነት ቢሆን፣ ለሄግል የተሰጠው መልስ የዚያው የ19ኛው ምዕት ዓመት የፈረንጅ ሥራ ሊሆን ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙንና ወርቁን፣ አገባቡንም ይመረምራል እንጂ የባለቅኔውን ስም ሰምቶ ብቻ አያደንቅም። ሐተታው ስለ ጾም የሚናገረውን እኔ አልቀበለውም፤ ነገር ግን ማንም ይጻፈው ማን፣ በምክንያት ልመልስለት ይገባኛል።

መምህራን ሆይ፤ ጥርጣሬውንም አብራችሁ አስተምሩ፤ ክርክሩ የተሰወረበት ተማሪ በኋላ ሲሰማው መጽሐፉንም መምህሩንም ይክዳልና።