«ሌላ እንተክላለን» ስለሚሉ ሰዎች

ማዕድን ቆፋሪዎች ስለሚያጠፉት ዱር በተጠየቁ ጊዜ «በሌላ ስፍራ ሌላ ደን እንተክላለን» ማለትን ልማድ አድርገውታል። ቃሉ ለጆሮ ደግ ነው፤ ነገር ግን ጊኒ፥ ኮትዲቯርና ላይቤሪያ በሚዋሰኑበት በኒምባ ተራራ ሲመዝኑት ይቀላል።

በዚህ ተራራ አናት፥ በሣሩ ውስጥ፥ አንዲት ትንሽ ጉርጥ ትኖራለች። እንደ ሌሎቹ ጉርጦች እንቁላሏን በውሃ ላይ አትጥልም፤ ዘጠኝ ወር ያህል አርግዛ ልጆቿን ትወልዳለች። (እናቶቻችንስ ከዚህ ይበልጣሉን?) በበጋ ከመሬት በታች ትሸሸጋለች፤ ዝናም ሲመጣ ትወጣለች። ከኒምባ በቀር በዓለም ሁሉ አገር የላትም።

የተራራው ብረት ግን ያጓጓል። በላይቤሪያ በኩል ያለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። የጊኒው ክፍል በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ፥ በ1992 አደጋ ላይ ከወደቁት ቅርሶች ጋር ተቆጠረ፤ ከምክንያቶቹም አንዱ የብረቱ ቁፋሮ ዕቅድ ነበረ።

ልጆቼ፥ ጊኒ ሀብቷን ሸጣ ሕዝቧን ልትመግብ መፈለጓን አልነቅፍም። የምነቅፈው የቆፋሪዎቹን ሒሳብ ነው። ያ ሣር ከተገለበጠ በኋላ በሜዳ የሚተከለው ሺህ ዛፍ ለጉርጧ ምንም አይሆናትም።